20 ብርድ ልብስ እና አንድ ኬላ

ለጥምቀት ጎንደር ገብቼ ሦስት ሳምንት ከርሜ ተመለስኩ። የተጠቀምኩባቸውን አገልግሎቶች ልጻፍ ብዬ ስቀመጥ፣ በረራውና ሆቴሉ በሁለት መስመር አለቁ። የአገር ውስጥ በረራው አዘዞ በሰዓቱ አረፈ፣ ሻንጣዬም አልጎደለም። ፒያሳ አካባቢ ያረፍኩበት ሆቴል ንጹህ ነው፤ ሙቅ ውሃ ግን ጠዋት ብቻ ነው። የቀረው ሁሉ ስለ ጉምሩክ ነው።

እናቴ ያረፈችበት ደብር ብዙ የቆሎ ተማሪ አለ። በጥር የዚያ አገር ሌሊት አያስተኛም። እሷ በህይወት እያለች የሚለብሱትን ትልክላቸው ነበር። ዘንድሮ እኔ ላድርሰው ብዬ ቅዳሜ ገበያ ሄጄ 20 ብርድ ልብስ ገዛሁ። ደረሰኝ ስጠይቅ ነጋዴው «እታለም፣ በደረሰኝ ከሆነ ዋጋው ሌላ ነው» አለኝ። ዝም ብዬ ከፍዬ ወጣሁ። ይሄ የእኔ ጥፋት ነው።

ከአክስቴ ልጅ ጋር ይዘነው ስንሄድ፣ ከከተማ ወጣ ብሎ አንድ የጉምሩክ ኬላ ላይ አስቆሙን። ፈታሹ ትሁት ልጅ ነው። የግዢ ደረሰኝ ወይም ዲክላራሲዮን፣ ማለትም እቃው በጉምሩክ በኩል መግባቱን የሚያሳየውን ሰነድ ጠየቀኝ፤ የለኝም። «እንግዲህ ይያዛል እህቴ» አለ። በመጠየቁ አልፈርድበትም። ጎንደር ከመተማ የሚመጣው መንገድ ላይ ያለች ከተማ ናት። ልባሽ ጨርቁ፣ ሲጋራው፣ ጫማው በዚያ በኩል ተደብቆ ይገባል፤ ቀረጥ ከፍሎ የሚነግደው ሰው ደግሞ ይከስራል። ድሮም ቢሆን በዚህ አገር ነጋድራስ የሚባለው ሹም ነጋዴውንም ቀረጡንም ይዞ ይኖር ነበር። ፍተሻ አዲስ ነገር አይደለም።

የከነከነኝ የተሰጠኝ ወረቀት ነው። ልጁ «ብርድ ልብስ፣ 2 ማዳበሪያ» ብሎ ጽፎ ፈርም አለው የአክስቴን ልጅ። እኔ እምቢ አልኩ። ስንት ፍሬ እንደሆነ ይጻፍልኝ አልኩ። ከኋላችን ሚኒባሶች ጡሩምባ ይነፋሉ። ማዳበሪያዎቹን አስፋልቱ ዳር ፈታንና አንድ በአንድ ቆጠርን። 12 ቡኒ፣ 8 ሰማያዊ። ልጁ ትንሽ ቅር ቢለውም ወረቀቱን ቀይሮ ጻፈው፣ እሱም ፈረመ፣ እኛም ፈረምን። ሃያ ደቂቃ ፈጀ።

ማታ ሆቴል ገብቼ ሕጉን አነበብኩ። የጉምሩክ አዋጅ ቁጥር 859/2006 ነው፤ በኋላ በአዋጅ ቁጥር 1160/2011 ተሻሽሏል። ሲጠቃለል እንዲህ ነው። የተያዘ እቃ መጋዘን ይገባል። ባለቤቱ ቅሬታውን በጽሑፍ ያቀርባል። የሚበላሽ ነገር ከሆነ ቀድሞ ይሸጥና ገንዘቡ ይቀመጣል። ባለቤት ያልቀረበበት ወይም የተወረሰ እቃ በጨረታ ይሸጣል፣ የማይሸጠው ይወገዳል። ክርክሩ የቀረጥና ታክስ ከሆነ እስከ ግብር ይግባኝ ኮሚሽን፣ ከዚያም ፍርድ ቤት ይደርሳል። ሕጉ ለባለቤቱ በር አልዘጋም።

በሩ የት እንደሆነ የሚነግርህ ግን የለም። በማግስቱ በጉምሩክ ጽሕፈት ቤቱ ሦስት ቢሮ ገባሁ፣ ሦስት መልስ አገኘሁ። አንዱ ኬላው ሂጂ አለኝ። ሌላው ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው ነገ ተመለሺ አለኝ። ቅሬታ የት እንደሚገባ፣ በስንት ቀን እንደሚገባ የሚል አንድ ወረቀት ግድግዳው ላይ አላየሁም። ያዳነችኝ መዝገብ ቤት ያለችው ሴት ናት። ማመልከቻዬን ተቀብላ ማህተም መታችበት፣ የገቢ ቁጥሩን በኮፒው ላይ ጻፈችልኝ። «ይቺን ቁጥር እንዳትጥያት፣ ሲጠይቁሽ እሷን ብቻ ንገሪያቸው» አለችኝ። በየቢሮው እንደሷ ያለ ሰው ይብዛልን።

ውጭ በጃንጥላ ስር ተቀምጠው የሚጽፉት ማመልከቻ ጸሐፊም ሙያቸውን ያውቁታል። ለቅሶዬን ሁሉ አወጡና እቃውን፣ ቀኑን፣ የያዘውን ሰው ስም፣ የምጠይቀውን ብቻ አስቀሩ። አንድ ገጽ። ነጋዴው ጋ ተመልሼ ልዩነቱን ከፈልኩ፤ ደረሰኙንም የአስመጪውን ዲክላራሲዮን ኮፒም ሰጠኝ። በዘጠነኛው ቀን ይለቀቅላት ተባለ።

መጋዘን በር ላይ ስጠብቅ አጠገቤ አንድ ወጣት ነበር። የስልክ ቻርጀርና ጆሮ ማዳመጫ ነው የተያዘበት። ሦስት ወር ተመላልሷል። ወረቀቱን አሳየኝ፤ «ልዩ ልዩ እቃ፣ 1 ካርቶን» ይላል። ስንት ቻርጀር? የምን ዓይነት? እሱ ሁለት መቶ ነበር ይላል፣ ወረቀቱ ምንም አይልም። እቃው ጨረታ ሊወጣ ነው ተብሏል። ቢረታ እንኳ ምን ያህል እንደሚመለስለት በምን ያስረዳል? እናቱን ብድር አስገብቶ የገዛው ነው። ስልክ ቁጥሬን ሰጠሁት፤ እስካሁን አልደወለም።

የእኔ ማዳበሪያዎች ወጡ። ቆጠርን፣ 19። ንብረት ጠባቂው «ይሄው ነው እንግዲህ» ሲለኝ ወረቀቴን ዘረጋሁለት። 12 ቡኒ፣ 8 ሰማያዊ። አንብቦ ዝም አለ፣ ተመልሶ ገባ። አንዷ ሰማያዊ ከሌላ ሰው እቃ ጋር ተቀላቅላ መደርደሪያ ላይ ተገኘች። ክፉ ሰው አይደለም፤ መጋዘኑ እስከ ጣሪያው ሞልቷል። «2 ማዳበሪያ» የሚለው ወረቀት ቢሆን ኖሮ ግን 2 ማዳበሪያ አስረክቦኝ በሩን ይዘጋ ነበር።

ኬላ ላይ እቃ የሚይዝባችሁ ካለ፣ መኪናው ቢሰለፍም ጡሩምባው ቢጮህም ፍሬው ሳይጻፍ አትፈርሙ።

ብርድ ልብሶቹን ያደረስነው በጥምቀት ማግስት ነው። የኔታ ማየት ተስኗቸዋል። አንድ በአንድ በእጃቸው እየዳሰሱ 20 ሲሞላ ትልቁን ተማሪ ጠርተው መዝገብ ላይ አስጻፉት።