ወርቅን ከሚስማር የሚለየው የትኛው ነው? ጎልድ ሞንስተር፣ ኢክዊኖክስና ጂፒኤክስ ሲነጻጸሩ

ሻኪሶ ወይም አሶሳ አካባቢ ለወርቅ ፍለጋ ሜታል ዲቴክተር ልትገዙ ከሆነ፣ ሻጩ መጀመሪያ የሚያወራላችሁ ስለ ጥልቀት ነው። «ይሄ ሁለት ሜትር ይወርዳል» ይላችኋል። እናንተ ግን ሌላ ነገር ጠይቁት፦ ቆሻሻውን ከወርቁ እንዴት ይለያል? ሰው በሰፈረበትና በቆፈረበት ቦታ ሁሉ ሚስማር፣ ሽቦ፣ የቆርቆሮ ቁራጭ፣ ቆርኪና ቀለህ አለ። ቀኑን ሙሉ በከንቱ የሚያስቆፍራችሁ እሱ ነው።

ወርቅን በስሙ የሚያውቅ ማሽን የለም። ኮይሉ (መሬት ላይ የምታወዛውዙት የማሽኑ ክብ ራስ) ወደ መሬት ማግኔታዊ መስክ ይልካል፤ ከስር ያለው ሜታል መልስ ይሰጣል። ማሽኑ የዚያን መልስ መዘግየትና ጉልበት ይለካል። መልሱን የሚወስነው ሜታሉ ኤሌክትሪክ የማሳለፍ አቅሙ፣ መጠኑና ቅርጹ ነው። ስለዚህ የጥይት እርሳስ ፍንጣሪና ትንሽ የወርቅ ጠጠር አንድ ዓይነት ድምፅ ቢሰጡ አትገረሙ። ብረትን መለየት ይቻላል። እርሳስንና አሉሚኒየምን ከወርቅ መለየት ግን የትኛውም ሻጭ ቃል ሊገባላችሁ አይገባም።

ለንጽጽር የወሰድኳቸው ሦስቱም የአውስትራሊያው ማይንላብ ሥራዎች ናቸው። አፍሪካ ውስጥ ወርቅ ፈላጊው በሰፊው የሚያውቀው ይህን ስም ስለሆነ ነው።

ጎልድ ሞንስተር 1000 በ45 ኪሎኸርዝ ይሠራል፤ መስኩ በሰከንድ 45 ሺህ ጊዜ ይርገበገባል ማለት ነው። ይህ የርግብግቢት ፍጥነት (ፍሪኩዌንሲ) ከፍ ያለ በመሆኑ ከስንዴ ፍሬ ያነሰ ወርቅ እንኳ ያሰማል። የአፈሩን ሁኔታ ራሱ ያስተካክላል፤ ለጀማሪ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ስክሪኑ ላይ ያገኘው ነገር ወደ ብረት ወይስ ወደ ወርቅ እንደሚያደላ የሚያሳይ ምልክት አለ። ብረትን ጨርሶ ዝም የሚያሰኝ ሞድም አለው። እዚህ ላይ ግን ተጠንቀቁ። ማሽኑ ማሰማት የሚችለው ጥልቀት ለይቶ መናገር ከሚችለው ይበልጣል። ብረት በበዛበት ቀይ አፈር ውስጥ ጠለቅ ብሎ ያለ ወርቅ «ብረት ነኝ» ሊል ይችላል። ብረቱን ዝም ካሰኛችሁት ወርቁም አብሮ ዝም ይላል። የእኔ ምክር ሁሉንም በሚያሰማው ሞድ ሂዱ፤ ምልክቱን እንደ አስተያየት ውሰዱት፤ የብረት ማጥፊያውን ቆሻሻው መፈናፈኛ ላሳጣችሁ ቦታ ብቻ ተዉት። ዋጋው ውጭ አገር ወደ 1,000 ዶላር ይጠጋል።

ኢክዊኖክስ 800 በአንድ ጊዜ በብዙ ፍሪኩዌንሲ ይሠራል፤ ያገኘውንም ከ-9 እስከ 40 ባለ ቁጥር ይነግራል። ከዜሮ በታች ያለው ብረት ነው። አሜሪካ ሆናችሁ ፓርክና ባሕር ዳር ሳንቲምና ቀለበት የምትፈልጉ ከሆነ ከሦስቱ የምመርጥላችሁ ይህን ነው። ብዙውን ጊዜ የ25 ሳንቲሙ ኳርተር 29 ወይም 30 ላይ፣ የ5 ሳንቲሙ ኒኬል 12 ወይም 13 ላይ ይቆማል። ችግሩ የቆርቆሮ መጠጥ መክፈቻ ቀለበትና የወርቅ ቀለበትም እዚያው ኒኬሉ ሰፈር ይወድቃሉ። «መክፈቻ ነው» ብሎ የሚያልፍ ሰው ወርቅ እያለፈ ነው። ለጠጠር ወርቅ ፍለጋ ከሆነ 800ው የወርቅ ሞድ አለው፤ ታናሹ 600 የለውም። በዋጋ ተታላችሁ እንዳትቀያይሩት።

ጂፒኤክስ 6000 ሌላ ዓለም ነው። በፐልስ፣ ማለትም መስኩን ቆረጥ ቆረጥ አድርጎ በመላክ የሚሠራ ሲሆን፣ ሌሎቹን የሚያስጮኸውን ቀይ አፈርና ብረታማ ድንጋይ በአብዛኛው ችላ ብሎ ጠለቅ ይላል። ዋጋው ግን 6,000 ዶላር አካባቢ ነው፤ ብረት መለያም የለውም። ሚስማሩንም ወርቁንም እኩል ይጮህላችኋል፤ ሁሉንም መቆፈር ነው። ሻጩ «የቀድሞው ጂፒኤክስ 5000 እኮ ብረት ይለያል» ካላችሁ እውነት አለው፤ ግን መለያው የሚሠራው ዲዲ በሚባለው የኮይል ዓይነት ብቻ ነው፤ የሚታመነውም ላይ ላዩን ላለ ትልቅ ብረት ነው።

እንግዲህ የድሮ ካምፕ፣ የተገለባበጠ አፈርና ቆሻሻ የበዛበት ቦታ ለምትሠሩ ጎልድ ሞንስተር ይበቃችኋል። ጂፒኤክስ የሚያዋጣው አፈሩ ቀይና አስቸጋሪ፣ ቆሻሻው ጥቂት፣ ገንዘቡም የማኅበር ሲሆን ነው። ለአንድ ሰው ለመጀመሪያ ማሽን 6,000 ዶላር አውጡ አልልም።

የትኛውንም ግዙ፣ ጆሯችሁን አሠልጥኑ። ሚስማር ላይ ኮይሉን በርዝመቱ ስታሳልፉት ብዙ ጊዜ ሁለቱ ጫፎች ለየብቻ ይጮኻሉ፤ ዞራችሁ በጎኑ ስትመጡ ድምፁ ይቀየራል ወይም ይሰባበራል። ጠጠር ወርቅ ከየትም አቅጣጫ ብትመጡ ድምፁ ብዙም አይቀየርም። ቆርኪ አስመሳይ ነው፤ ኮይሉን ቀስ በቀስ ከላዩ ስታርቁት የኮይሉ ጫፍ ጋ ሲደርስ ብረትን የሚያመለክት ሻካራ ድምፅ ያሰማል። ከዚያ ላዩን በእግር ጠረግ አድርጉት። ቀላል ቆሻሻ አብሮ ይሄዳል፤ ወርቅ ከባድ ስለሆነ እዚያው ይቀራል። ዶማችሁ ላይ ጠንካራ ማግኔት አስሩ፤ የሽቦ ስብርባሪውን ሳትጎነበሱ ያወጣላችኋል። ድምፁ አሁንም ካለ አፈሩን በፕላስቲክ ማፈሻ ዝቃችሁ ኮይሉ ላይ አሳልፉት። ጮኸ? ግማሹን አፍስሱ፣ እንደገና አሳልፉ። እንዲህ እያላችሁ መጨረሻ ላይ አንድ ጭብጥ አፈር ይቀራል።

ከምንም በላይ የምለምናችሁ አንቴና የተሰካበትን «ከአንድ ኪሎ ሜትር ወርቅ ያሳያል» የሚባለውን ዕቃ እንዳትገዙ ነው። ሳይንሱ የለም። እንግሊዝ ውስጥ በዚሁ መልክ የተሠራ «ቦምብ መፈለጊያ» ለኢራቅና ለሌሎች አገሮች የሸጠ ነጋዴ፣ ዕቃው ምንም እንደማይሠራ ተረጋግጦ እ.ኤ.አ. በ2013 10 ዓመት ተፈርዶበታል። የማይንላብ ፌክም ወደ አፍሪካ በብዛት ገብቷል፤ ስለዚህ የመለያ ቁጥሩን ከኩባንያው አጣሩ። ከውጭ ይዛችሁ የምትገቡ ከሆነ ጉምሩክን አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ የባህላዊ ወርቅ አምራችነት ፈቃዱንም ከክልሉ አውጡ። ጥንታዊ ፍርስራሽ ወይም መቃብር ባለበት ቦታ ጨርሶ አትቆፍሩ፤ ቅርሱ የአገር ነው።

ገንዘቡን ከመክፈላችሁ በፊት አንድ ሚስማር፣ አንድ ቆርኪ፣ አንድ የእርሳስ ቁራጭ፣ ትንሽዬ ወርቅና ከምትሠሩበት ቦታ አንድ ከረጢት አፈር ይዛችሁ ሂዱ። ከአፈሩ ስር አንድ በአንድ እየቀበራችሁ አስጩኹት። ሻጩ ይህን ካልፈቀደ ሌላ ሻጭ ፈልጉ።