«ኢልማቲክ»፦ በ40 ደቂቃ ውስጥ ትርፍ ነገር የሌለው አልበም

የአሜሪካዊው ራፐር የናስ የመጀመሪያ አልበም «ኢልማቲክ» ኤፕሪል 19 ቀን 1994 ሲወጣ የያዘው አሥር ትራክ ብቻ ነበር (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። አንዱ መግቢያ ስለሆነ ዘፈኑ ዘጠኝ ነው፤ ጠቅላላው 40 ደቂቃ አይሞላም። ሲዲ ከ70 ደቂቃ በላይ ይይዝ ስለነበር በዚያ ዘመን ብዙ ራፐር ቦታውን በቀልድና በጓደኛ ወሬ ይሞላው ነበር። እዚህ አልበም ላይ መሙያ የለም። ሂፕ ሆፕን ገና በቁም ነገር መስማት ለሚጀምር የጅማ ልጅ ከሁሉም አስቀድመን የምናቀብለው ይህን አልበም ነው።

ናስ፣ ሙሉ ስሙ ናስር ጆንስ፣ ያኔ 20 ዓመቱ ነበር። ያደገው ኒው ዮርክ ውስጥ ኩዊንስብሪጅ በሚባለው የመንግሥት የኪራይ ቤቶች ሰፈር ነው፤ አባቱ ኦሉ ዳራ የጃዝ ሙዚቀኛ ነው። በ1991 በሜይን ሶርስ ቡድን ዘፈን ላይ ባሰማው አንድ ቨርስ (በአዝማቾች መካከል ያለ የራፕ ክፍል) ስሙ ተነሣ፤ በ1992 ደግሞ «ሃልፍታይም» በአንድ ፊልም የሙዚቃ አልበም ውስጥ ወጣ። አልበሙ ሲሠራ የከተማው ምርጥ አቀናባሪዎች ልጁን አስቀድመው ያውቁት ነበር ማለት ነው። ሽያጩ ግን ቶሎ አልሮጠም። በአሜሪካው የሽያጭ ደረጃ ዝርዝር በቢልቦርድ 12ኛ ሆኖ ገባ፤ በአሜሪካ ፕላቲነም (አንድ ሚሊዮን ቅጂ) የተባለው በ2001 ነው። የሂፕ ሆፕ መጽሔቱ «ዘ ሶርስ» ግን ገና ሲወጣ ከፍተኛውን ነጥብ፣ ሙሉ አምስት ማይክ፣ ሰጥቶታል።

በዚያ ጊዜ የአንድ ራፐር አልበም በአብዛኛው የአንድ አቀናባሪ ወይም የአንድ ቡድን እጅ ሥራ ነበር። እዚህ ዲጄ ፕሪሚየር፣ ላርጅ ፕሮፌሰር፣ ፒት ሮክ፣ ኪው-ቲፕና ኤል ኢ ኤስ አምስቱም ገብተውበታል። ይህን ያህል ሰው ሲነካው ሥራው ይበታተናል ተብሎ ይፈራል፤ ይሄኛው ያልተበታተነው በአብዛኛው ከአንድ ጓዳ፣ ከጃዝና ከሶል ሸክላዎች፣ ስለቀዱ ነው። ፒት ሮክ ለ«ዘ ወርልድ ኢዝ ዩርስ» የጃዝ ፒያኖ ተጫዋቹን የአሕመድ ጀማልን ፒያኖ ቆርጦ ወሰደ፤ አዝማቹንም የሚያዜመው ራሱ ነው። ኪው-ቲፕ ለ«ዋን ላቭ» ከጃዝ ቡድኑ ከሂዝ ወንድማማቾች በአውራ ጣት የሚመታውን የካሊምባ ዜማ አመጣ። «ላይፍስ አ ቢች» ላይ ኤዚ አልበሙ ያስገባው ብቸኛ እንግዳ ራፐር ነው፤ ዘፈኑ ሲያልቅ ኮርኔት (ትንሽ ትራምፔት) የሚነፋው ደግሞ አባትየው ኦሉ ዳራ ነው። ይህ ንፊት አጭር ነው፤ በስልካችሁ ማጫወቻ ላይ አንዱን ዘፈን ከሌላው የሚያደባልቀው ክሮስፌድ ከተከፈተ ጫፉ ይበላል። አስቀድማችሁ አጥፉት።

ዋናው ጉልበት ያለው ግን «ኤን ዋይ ስቴት ኦቭ ማይንድ» ውስጥ ነው። ፕሪሚየር የጃዝ ሙዚቀኛውን የጆ ቼምበርስን ጨለም ያለ የፒያኖ ቁራጭ ደጋግሞ ያዞረዋል፤ አዝማች ብሎ የተጠቀመው የቀደምቱን ራፐር የራኪምን ድምፅ በስክራች (ሸክላውን በእጅ ወዲያና ወዲህ እያፋተገ) ነው። ናስ መጀመሪያ ላይ እንዴት እንደሚጀምር እንደማያውቅ ሲናገር ይሰማል፤ አላወጡትም፤ ደግ አደረጉ። ከዚያ በኋላ ሁለት ረጃጅም ቨርሶች ብቻ ናቸው። እዚህ ላይ የምትሰሙትን ለማወቅ እንግሊዝኛው ባይገባችሁም ቤት አመታቱን ተከተሉ። በአማርኛ ግጥም ጆሯችን ቤቱን የሚጠብቀው በስንኙ መጨረሻ ላይ ነው። ናስ ግን በስንኙ መሐል ሁለቴ ሦስቴ ይመታና፣ ሐሳቡን ሳይጨርስ ወደሚቀጥለው ስንኝ ተሻግሮ ይዘጋዋል። ከበሮው ላይ በጣት እየቆጠራችሁ ስሙት፤ ዓረፍተ ነገሩ የሚያልቀው ሁልጊዜ አራተኛው ምት ላይ አይደለም። ገና የሚጀምሩ ራፐሮች በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም ሲጽፉ የሚሰናከሉት እዚሁ ነው፦ እያንዳንዱ ስንኝ አራት ምት ላይ ይዘጋል፣ ትንፋሹም ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ይወድቃል፣ ከስምንት ስንኝ በኋላ ጆሮ ይደክማል። ለልምምድ የአልበሙ ፍጥነት ይመቻል፤ አብዛኞቹ ቢቶች በደቂቃ ከ80 እስከ 100 ምት መካከል ናቸው፣ ጀማሪን አያጣድፉም።

በይዘት ደግሞ «ዋን ላቭ»ን የሚያህል የለም። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቨርሶች እስር ቤት ላሉ ጓደኞች የተጻፉ ደብዳቤዎች ናቸው፦ ልጅህ ተወለደ፣ እገሌ እንዲህ ሆነ፣ ሰፈሩ እንዲህ ነው። ሦስተኛው ላይ ደብዳቤው ይቆምና ተራኪው ወንበር ላይ ተቀምጦ ከ12 ዓመት ልጅ ጋር ያወራል። ልጁ የሚለውን ያሳያል፤ የሚሰጠው ምክርም አጭር ነው። ግጥሙን አስቀድማችሁ አንብቡና ከዚያ ስሙት፤ የሰፈር ቋንቋው ስለሚበዛ በጆሮ ብቻ አይያዝም።

ለጅማ ሰው ወደ ናስ የሚያደርስ አንድ ቀጭን መንገድ አለ። የኢትዮ ጃዝ አባት ሙላቱ አስታጥቄ በ1943 የተወለደው እዚሁ ጅማ ነው። ናስ ከሬጌ ዘፋኙ ዴሚየን ማርሊ ጋር በ2010 ባወጣው አልበም ላይ የመክፈቻው ዘፈን «አዝ ዊ ኤንተር» የተሠራው በሙላቱ «የግሌ ትዝታ» ላይ ነው። ይህ «ኢልማቲክ» ውስጥ የለም፤ ነገር ግን ሁለቱን አከታትላችሁ ብትሰሙ ሳምፕል፣ ከሌላ ዘፈን ቆርጦ መጠቀም፣ ማለት ምን እንደሆነ በሚታወቅ ዜማ ይገባችኋል፣ ከዚያ የአሕመድ ጀማል ፒያኖ ምን እንደደረሰበት ለማስተዋል አይቸግራችሁም።

ድክመቱን እንናገር። «ዋን ታይም ፎር ዩር ማይንድ» ከሌሎቹ ይቀላል፤ ናስ ዘና ብሎ ይወረውራል እንጂ የሚገነባው ነገር የለም። በጥቅሉ አዝማቾቹም ከቨርሶቹ ያነሱ ናቸው፤ «ሪፕረዘንት» ላይ በጩኸት ነው የሚያልፉት። ስድብ፣ ጠመንጃና ዕፅ በግልጽ ይነሣሉ፣ ስለዚህ ቡና ተፈልቶ ታላላቆች በተቀመጡበት የሚከፈት አይደለም። ስድቡ የተቆረጠበት ቅጂ ቢያጋጥማችሁ ግን አትውሰዱት፤ ቃሉ ሲጠፋ ቤቱም አብሮ ይሰበራል።

ስለ ቅጂ ስትጠይቁ አሥር ትራክ ያለውን የ1994ቱን ያዙ። በ2004 የወጣው የ10ኛ ዓመት እትምና በ2014 የወጣው «ኢልማቲክ ኤክስኤክስ» ተጨማሪ ሲዲ አላቸው፤ ሪሚክስና ልዩ ልዩ ቅጂ ነው፤ ዋናውን ለጠገበ ሰው ይጠቅማል። ሜሞሪና ፍላሽ ላይ የሚጭኑ ሱቆች ብዙ ጊዜ ሁሉንም በአንድ ፎልደር ያደባልቁታል፣ ቁጠሩት። መጠኑን ከተመለከታችሁ በ128 ኪሎቢት ወደ 38 ሜጋባይት፣ በ320 ወደ 96 ሜጋባይት መሆን አለበት። ከዚያ በጣም ካነሰ ጥራቱ ወርዷል ወይም ዘፈን ጎድሏል፤ ጸናጽሉ እንደ ውኃ መንሿሿት ከጀመረም ተጨምቆ የተጎዳ ፋይል ነው።

ቅደም ተከተሉ ሌላው ጉዳይ ነው። የመኪና ማጫወቻ ፋይሎችን በፊደል ተራ ካጫወተ «ሃልፍታይም» መጀመሪያ ይመጣል፣ መዝጊያው «ኢት ኤይንት ሃርድ ቱ ቴል» ሁለተኛ፣ መግቢያው «ዘ ጄኔሲስ» ደግሞ ዘጠነኛ። ከስሙ ፊት 01፣ 02 እያላችሁ ጻፉ። አንዳንድ ማጫወቻ ስም ሳያይ በተቀዳበት ቅደም ተከተል ስለሚሄድ ፍላሹን ባዶ አድርጋችሁ አንድ በአንድ ቅዱት። ከጅማ አጋሮ ያለው መንገድ አልበሙን ያለ ማቋረጥ ያስጨርሳል፤ ጅማ ውስጥ ከአጂፕ ሰፈር እስከ ዩኒቨርሲቲው ዋና ግቢ በባጃጅ ግን ሁለት ዘፈን ቢያልቅ ነው።

በስልክ ስፒከር አትስሙት፤ የ«ኤን ዋይ ስቴት ኦቭ ማይንድ» ቤዝ ሙሉ በሙሉ ይጠፋል፣ የሚቀረው ፒያኖና ድምፅ ነው። የባጃጅ ስፒከር በተቃራኒው ቤዙን ያሳብጥና የናስን ቃላት ይውጣል። ኢኳላይዘር ካለ ቤዙን ዝቅ፣ ከ2 እስከ 4 ኪሎኸርዝ ያለውን ጥቂት ከፍ አድርጉ፤ ተነባቢዎቹ ጥርት የሚሉት እዚያ ነው። በክረምት የጅማ ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ይህንኑ የላይኛውን ድምፅ ስለሚሸፍን ጆሮ ውስጥ የሚገባ ኢርፎን ይሻላል፤ አንደኛው ጎን የሞተ ከሆነ ስልኩን ወደ ሞኖ (የሁለቱን ጎን ድምፅ በአንድ ወደሚያጫውተው) ቀይሩት፣ አለዚያ በአንድ ጎን ብቻ የተቀመጡ ድምፆች ሳትሰሟቸው ያልፋሉ።