ስምንት ወር ከኤሮቴክ 29/40-120 ጋር፦ ደጋግሞ የሚሞላ የሮኬት ሞተር በሚኒሶታ ብርድ

ኤሮቴክ የተባለው ኩባንያ ለመዝናኛ ሮኬት የሚሠራው የዚህ ሞተር የአሉሚኒየም ቀፎና ሁለቱ ክዳኖች አንዴ ተገዝተው ለዓመታት ያገለግላሉ። በየተኩሱ የሚቀየረው መሙያው (ሪሎዱ) ነው፦ ጠጣር ነዳጁ፣ ነዳጁን የሚያቅፈው ቱቦ (ላይነሩ)፣ ጋዙ የሚወጣበት አፍ (ኖዝሉ)፣ ፓራሹቱ የሚወጣበትን ጊዜ የሚያዘገየው ማዘግያ፣ የጎማ ቀለበቶቹ (ኦሪንጎቹ)፣ ሮንዴላው፣ ፓራሹቱን የሚያስወጣው ጥቁር ባሩድና ማቀጣጠያው። 29 የቀፎው ስፋት በሚሊሜትር ነው፤ 40-120 ደግሞ የሚችለው ጠቅላላ ግፊት በኒውተን ሰከንድ። አነስ ያለው ሪሎድ ኤፍ40ም ጉልበተኛው ሪሎድ ጂ64ም በዚሁ ቀፎ ይገባሉ፤ ትልቁ ጥቅሙም ይኸው ነው።

ከስምንት ወር በኋላ ቀፎው ላይ ጭረት እንጂ ጉዳት የለም። ምስጢሩ ጽዳት ነው። አሞኒየም ፐርክሎሬት ያለበት ነዳጅ የሚተወው ጥላሸት እርጥበት እየሳበ አሉሚኒየም ይበላል። ካደረ ላይነሩ ተጣብቆ አልወጣ ይላል።

ሲገጣጠም ኦሪንጎቹና የክዳኖቹ ጥርስ እስኪያብረቀርቁ ብቻ ስስ ግራሶ ይቀባሉ። ግራሶ የማዘግያውን ፊት ከነካ ላይቀጣጠል ይችላል፤ ያኔ ፓራሹቱ ሳይወጣ ሮኬቱ እንደ ጦር ይወርዳል። የማዘግያው ኦሪንግ ከተረሳ ወይም ከተቆነጠጠ ደግሞ ትኩሱ ጋዝ ሾልኮ ባሩዱን ያለጊዜው ያነድዳል፤ ሮኬቱ ገና ሽቅብ ሲፈተለክ ፓራሹቱ ወጥቶ ይቀደዳል። የፊት ክዳኑ በእጅ ሲጠብቅ ከቀፎው ጫፍ ጋር መግጠም አለበት። ክፍተት ከታየ መፍታትና እንደገና ማየት እንጂ በፒንሳ ማስገደድ አይገባም።

ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ ላይ ብዙ ሰው የሚፈራው ለነዳጁ ነው፤ መፈራት ያለበት ግን ጎማው ነው። ኦሪንጉ ይደርቃል፣ ግራሶው ይወፍራል፣ ክዳኑ ሳይደርስ የደረሰ ይመስላል። ስለዚህ ሞተሩን ቤት ውስጥ ገጣጥማችሁ፣ ማቀጣጠያውን ሳትከቱ፣ ብርድ በማያስገባ ሳጥን ይዛችሁ ውጡ። እሳት ወይም የመኪና ማሞቂያ አጠገብ ማሞቅ ፈጽሞ አይሞከርም። ውጭ የቆየ ሪሎድ ቤት ሲገባ ጤዛ እንዳይዝ ሙቀቱ እስኪስተካከል ከነፌስታሉ ይቆይ።

የበረደ ነዳጅ ቀስ ብሎ ስለሚነድ ግፊቱ ትንሽ ይቀንሳል። ለከባድ ሮኬት ረዘም ያለ የማስወንጨፊያ ዘንግ ያዙ። ማቀጣጠያው የሚገባው ሮኬቱ ዘንጉ ላይ ከቆመ በኋላ ነው፤ ጫፉ የነዳጁን ቀዳዳ ዘልቆ ላይ እስኪነካ ይገፋ። ግማሽ መንገድ ከቀረ ጭሶ ይጠፋል። ያኔ የማስወንጨፊያውን መቆጣጠሪያ ቁልፍ ነቅላችሁ 60 ሰከንድ ሳትጠብቁ አትጠጉ። አልነሳ ሲል የመቆጣጠሪያውን ባትሪም ጠርጥሩ፤ ብርድ አቅሙን ስለሚያወርድ እስከ መጨረሻው መኪና ውስጥ ይቆይ። የፕላስቲክ ፓራሹት እንደታጠፈ ይደርቃል፤ ናይለኑን ተጠቀሙ፣ ያውም ሊወነጨፍ ሲል የታጠፈውን።

ሮኬቱ ተመልሶ ቀፎው ለእጅ ሲመች ክዳኖቹን እዚያው በረዶው ላይ ፍቱና ላይነሩን ገፍታችሁ አውጡ፤ በሙቅ ውሃና ሳሙና ማጠቡ ቤት ይደርሳል።