ሴንት ጆንስ ዎርት፦ ሁለት ማሸጊያዎች ሲነጻጸሩ

ለቀላል ድባቴ ከሚሸጡ የዕፅዋት ውጤቶች መካከል እንደ ሴንት ጆንስ ዎርት በስፋት የተጠና ጥቂት ነው። የሕክምና ጥናቶችን ሰብስቦ የሚመዝነው ኮክሬን የተባለ ዓለም አቀፍ ተቋም እ.ኤ.አ. በ2008 ያወጣው ግምገማ 29 ጥናቶችንና 5,489 ታካሚዎችን መርምሮ፣ ከዕፁ የተዘጋጁት እንክብሎች ፈዋሽ ንጥረ ነገር ከሌለው ማስመሰያ የተሻሉ፣ ከተለመዱት ፀረ-ድባቴ መድኃኒቶች ጋር የሚመጣጠኑ፣ በጎንዮሽ ጉዳትም ከእነርሱ የቀለሉ ሆነው አግኝቷቸዋል። ለውጡ እስኪታይ ግን ሳምንታት ስለሚፈጅ ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ድባቴው ለጠናበት ወይም ራስን የማጥፋት ሐሳብ ለሚመላለስበት ሰው ደግሞ ፈጽሞ አልመክረውም፤ የእርሱ ቦታ ሐኪም ዘንድ ነው።

ጎን ለጎን ካነበብኳቸው ሁለት ማሸጊያዎች አንዱ በመድኃኒትነት የተመዘገበ፣ ሌላው በምግብ ማሟያነት የሚሸጥ ነው። የመጀመሪያው በእያንዳንዱ እንክብል ያለውን የዕፁን መጠን በሚሊ ግራም ይገልጻል፤ በውስጡ ያለው ወረቀትም ዕፁ አብሯቸው የማይወሰዱ መድኃኒቶችን በስም ይዘረዝራል። ሁለተኛው በትልልቅ ፊደላት «ለመልካም ስሜት» ይልና ከጀርባው በደቃቃ ጽሑፍ «ሐኪምዎን ያማክሩ» ብሎ ያበቃል።

ይህ እንደ ተራ ጉድለት የሚታለፍ አይደለም። ዕፁ በጉበት ውስጥ መድኃኒቶችን የሚሰባብረውን ሲዋይፒ3ኤ4 የተባለ ኢንዛይም ስለሚያበዛው፣ የወሊድ መከላከያ እንክብል፣ የኤችአይቪ መድኃኒት፣ ደም ማቅጠኛው ዋርፋሪን፣ እንዲሁም የተተከለ ኩላሊት ወይም ልብ በሰውነት እንዳይገፋ የሚሰጠው ሳይክሎስፖሪን ኃይላቸው ይዳከማል። ከሌሎች ፀረ-ድባቴ መድኃኒቶች ጋር ሲወሰድ ደግሞ ስሜትን ከሚቆጣጠሩት የአንጎል ኬሚካሎች አንዱ የሆነው ሴሮቶኒን በሰውነት ውስጥ ለአደጋ እስከሚያጋልጥ ድረስ ከመጠን በላይ ሊከማች ይችላል።

የየአገሩ ሕግ ግን አንድ ዓይነት አይደለም። በጀርመን ሐኪሞች የሚያዙት መድኃኒት ነው፤ አየርላንድ እ.ኤ.አ. በ2000 ያለ ሐኪም ማዘዣ እንዳይሸጥ ወስና ነበር፤ በአሜሪካ በምግብ ማሟያነት ስለሚሸጥ፣ እ.ኤ.አ. በ1994 በወጣው ሕግ መሠረት አምራቹ ለገበያ ከማቅረቡ በፊት ፈዋሽነቱን እንዲያረጋግጥ አይገደድም። እኔ የአየርላንድን ጥብቅነት ባልመርጥም፣ የሌላውን መድኃኒት ኃይል የሚቀንስ ዕፅ ከቫይታሚን ጋር ተደርድሮ ያለ ማስጠንቀቂያ መሸጡን ልቀበለው አልችልም።

ስለዚህ ለመጀመሪያው ማሸጊያ ከአምስት አራት፣ ለሁለተኛው አንድ እሰጣለሁ። ገዢው ሌላ መድኃኒት የሚወስድ ከሆነ ማሸጊያውን ከመክፈቱ በፊት ለፋርማሲ ባለሙያው ያሳይ፤ እንክብሉን ካቆመም በኋላ ውጤቱ ለሁለት ሳምንት ያህል ሊቆይ ስለሚችል ይህንኑ ጨምሮ ይንገረው።