በካርድ ጥሬ ገንዘብ አውጥቶ በጥሬ ገንዘብ ዋጋ ነዳጅ መቅዳት፦ ሂሳቡን ሳትሠሩ አትግቡበት

ውድ ወገኖቼ፣ በተለይም በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ታክሲ ወይም ኡበር እየነዳችሁ በሳምንት ሦስትና አራት ጊዜ ማደያ የምትገቡ፣ ይህን የምጽፍላችሁ እኔ ራሴ ብልጥ የሆንሁ መስሎኝ የገባሁበትን ኪሳራ እናንተ እንዳትደግሙት ነው። ነገሩ በአንድ ሌሊት ሲታይ ጥቂት ዶላር ብቻ ነው፤ ሆኖም በየቀኑ ነዳጅ ለሚቀዳ ሰው ጥቂት ዶላር ምን ያህል እንደሚጠራቀም ለእናንተ መንገር አያስፈልገኝም።

በሰሜን ቨርጂኒያ በአንድ ማደያ የዋጋ ሰሌዳ ላይ በትልልቁ 3.19 ዶላር ተጽፎ አየሁና ገባሁ። ፓምፑ አጠገብ ስደርስ ግን ያ ዋጋ በጥሬ ገንዘብ ለሚከፍል ብቻ እንደሆነና በካርድ የሚከፍል ሰው በጋሎን 3.49 እንደሚከፍል በትንንሽ ፊደል ተጽፎ አገኘሁት። በኪሴ ጥሬ ገንዘብ አልነበረኝም። 11 ጋሎን ስለሚያስፈልገኝ ልዩነቱ 3.30 ዶላር ነው ብዬ አሰላሁና፣ ሱቁ ውስጥ ገብቼ ከባንክ ሂሳቤ በቀጥታ በሚቆርጠው በዴቢት ካርዴ አንድ ነገር ገዝቼ 40 ዶላር ካሽ ባክ (ከግዢው ጋር አብሮ ከሂሳቤ ተቆርጦ በእጄ የሚሰጠኝ ጥሬ ገንዘብ) ልቀበል፣ በዚያው ገንዘብም በርካሹ ዋጋ ልቅዳ ብዬ ወሰንሁ።

ያላወቅሁት ነገር ማደያው በአንድ ግዢ ከ20 ዶላር በላይ የማይሰጥ መሆኑን ነበር። ስለዚህ ሁለት ጊዜ መግዛት ግድ ሆነብኝ፤ በመጀመሪያ በ2.29 ዶላር ውኃ፣ ቀጥሎም በ1.79 ዶላር ማስቲካ ገዛሁ። ውኃውን ጠጥቼዋለሁ፣ ይሁን እንጂ መኪናዬ ውስጥ አንድ ካርቶን ሙሉ ውኃ ነበረኝ። ደረሰኙን ሳየው ደግሞ በእያንዳንዱ ግዢ ላይ 1.50 ዶላር የአገልግሎት ክፍያ ተጨምሮበታል። ታክሱን ሳልቆጥር 3.30 ዶላር ለማትረፍ 7.08 ዶላር አወጣሁ ማለት ነው።

ገንዘብ ተቀባዩ የአገራችን ልጅ ነበር። ስለ ክፍያው ስጠይቀው በትሕትና፣ «ጋሼ፣ እኔ የጨመርሁት አይደለም፤ የሚስጥር ቁጥርዎን ካስገቡ በኋላ ማሽኑ ጠይቆዎታል፣ እርስዎም አረንጓዴውን ተጭነዋል» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ማሽኑ ጠይቆኛል፣ እኔም ሳላነብ ተጭኛለሁ። ወገን ነው ብዬ አስቀድሜ ብጠይቀው ኖሮ እንደሚነግረኝ አልጠራጠርም። በቅድሚያ መጠየቅ ያለባቸው ሁለት ነገሮች እነዚህ ናቸው፦ ካሽ ባክ ክፍያ አለው ወይ፣ በአንድ ጊዜስ እስከ ስንት ትሰጣላችሁ?

የሁለቱ ዋጋ አሠራር ራሱ ሕገወጥ አይደለም። በጥሬ ገንዘብ ለሚከፍል ደንበኛ ቅናሽ ማድረግን እ.ኤ.አ. በ1981 የወጣው የፌዴራል ሕግ ፈቅዷል፤ ማደያዎችም ምክንያታቸው ካርድ በተከፈለባቸው ቁጥር ለባንክና ለካርድ ኩባንያ የሚከፍሉት ኮሚሽን ነው። ለክሬዲት ካርድ ይህ ምክንያት ያስኬዳል። ለዴቢት ካርድ ግን አያሳምነኝም፤ ሀብታቸው ከ10 ቢሊዮን ዶላር በላይ የሆነ ባንኮች ከእያንዳንዱ የዴቢት ግዢ የሚወስዱት ድርሻ እ.ኤ.አ. ከኦክቶበር 2011 ጀምሮ በ21 ሳንቲምና በግዢው 0.05 በመቶ፣ ቢበዛም ማጭበርበርን ለመከላከል አንድ ሳንቲም ተጨምሮበት ተገድቦ ቆይቷልና። በዚህ ስሌት በግዢዬ ላይ 20 ዶላር ካሽ ባክ መጨመሩ ከባንኩ ድርሻ ላይ የሚያሳድገው አንድ ሳንቲም ብቻ ሲሆን፣ እኔ የተጠየቅሁት 150 ሳንቲም ነው። አንዳንድ ማደያዎች ዴቢትን በጥሬ ገንዘብ ዋጋ ስለሚያስተናግዱ፣ ካሽ ባክ ከመፈለግ በፊት «ዴቢት በየትኛው ዋጋ ነው?» ብሎ መጠየቁ ብቻውን ነገሩን ሊጨርሰው ይችላል።

የካሽ ባክ ክፍያ በማደያ ብቻ የተወሰነ አይደለም። የፌዴራሉ የሸማቾች የፋይናንስ ጥበቃ ቢሮ እ.ኤ.አ. በኦገስት 2024 ባወጣው ጥናት፣ ክፍያ የሚጠይቁ ሦስት ትልልቅ የችርቻሮ ድርጅቶች ብቻ በዚህ መንገድ ከሸማቾች በዓመት ከ90 ሚሊዮን ዶላር በላይ እንደሚሰበስቡ ገምቷል። በዚያው ጥናት ዋልማርት፣ ታርጌት፣ ሲቪኤስ፣ ዋልግሪንስና አልበርትሰንስ ያለ ክፍያ እንደሚሰጡ ተመልክቷል። ፖስታ ቤትም ቴምብር ገዝቶ በዴቢት ለሚከፍል ሰው ያለ ክፍያ እስከ 50 ዶላር ይሰጣል፤ ሌሊት ለምንሠራ ግን ፖስታ ቤት ምን ይጠቅመናል።

ፓምፑ ላይ ዴቢት ካርድ መክተትም የራሱ ጣጣ አለው። ምን ያህል እንደምትቀዱ አስቀድሞ ስለማይታወቅ ከሂሳባችሁ ላይ ገንዘብ ይያዛል፤ ቪዛና ማስተርካርድ ሊያዝ የሚችለውን ገንዘብ ጣሪያ እ.ኤ.አ. በ2022 ከ125 ወደ 175 ዶላር ከፍ አድርገውታል። የተያዘው ገንዘብ እስኪለቀቅ ሰዓታት፣ አንዳንዴም ቀናት ሊወስድ ስለሚችል፣ በሂሳቡ 200 ዶላር ያለው ሰው 30 ዶላር ቀድቶ ወዲያው ካሽ ባክ ቢጠይቅ ካርዱ አልሠራም ሊለው ይችላል። ውስጥ ገብቶ መጠኑን ወስኖ መክፈል ይህን ያስቀራል።

ካሽ ባክ ሲከለከሉ ጥጉ ላይ ወደቆመው ኤቲኤም የሚሄዱ አሉ። እሱ የባሰ ነው፤ የማሽኑ ባለቤት ይቆርጣል፣ የእናንተም ባንክ በበኩሉ ሊቆርጥ ይችላል። በክሬዲት ካርድ ካወጣችሁ ደግሞ እንደ ግዢ ሳይሆን እንደ ብድር ስለሚቆጠር ወለዱ የእፎይታ ጊዜ ሳይሰጥ ከዚያው ቀን ጀምሮ ይሮጣል፤ የመነሻ ኮሚሽንም አለው። «ካሽ ባክ ካርድ» የሚለው ማስታወቂያም አያደናግራችሁ። እሱ ከገዛችሁት ላይ በኋላ የሚመለስ ጥቂት በመቶ ነው እንጂ በገንዘብ መቀበያው ላይ የሚቆጠርላችሁ ብር አይደለም።

እኔ አሁን ሳምንታዊውን አስቤዛ ስገዛ ክፍያ ከማይጠይቅ ሱፐርማርኬት 60 ዶላር ካሽ ባክ እቀበልና በመኪናው መሳቢያ ለነዳጅ ብቻ አስቀምጣለሁ። ጥሬ ገንዘብ ከሌለኝ ደግሞ በካርዱ ዋጋ ቀድቼ መንገዴን እቀጥላለሁ፤ 3.30 ዶላሩ ሌላ ጣጣ ውስጥ ከመግባት ይሻለኛል። በጥሬ ገንዘብ አስቀድሞ የሚከፍል ሰው ግን ታንከሩ ሲሞላ መልሱን ለመቀበል ወደ ሱቁ መመለስ እንዳለበት አይርሳ። በዚያ ሌሊት 40 ዶላር ከፍዬ የቀዳሁት የ35.09 ዶላር ነበር፤ ዝናብ ስለነበር ሞተሩን አስነሥቼ ልሄድ ስል ነው 4.91 ዶላሬ ትዝ ያለኝ።