አክሱሚት ወይስ ሪፍት ቫሊ ሲራ? ከዶሮ ወጥና ከጥብስ ጋር

ሁለቱም ቀይ ወይን ናቸው፤ ዝምድናቸው ግን እዚያ ላይ ያበቃል። አክሱሚት የአዋሽ ወይን ጠጅ ፋብሪካ ጣፋጭ ወይን ነው። ሪፍት ቫሊ ሲራ (ሲራ የወይን ፍሬው ዝርያ ስም ነው) ደግሞ የፈረንሳዩ ኩባንያ ካስቴል በዝዋይ አካባቢ፣ 1,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ከሚያለማው የወይን ተክል ይጠመቃል፤ ስኳሩ ከሞላ ጎደል ወደ አልኮል የተቀየረ፣ «ደረቅ» የሚባለው ዓይነት ነው።

ያለ ምግብ ስቀምሳቸው ሲራው በለጠብኝ። የቁንዶ በርበሬ ሽታ አለው፣ ታኒኑም (ከወይኑ ልጣጭና ዘር የሚመጣው፣ አፍን የሚያደርቀው ንጥረ ነገር) ድድን ጨበጥ ያደርጋል፤ ከ10 7 ሰጠሁት። አክሱሚትን ለብቻው ከአንድ ብርጭቆ በላይ አልደፍረውም፤ 5።

ዶሮ ወጡ ሲቀርብ ፍርዱ ተገለበጠ። አልኮልና ታኒን የበርበሬን ማቃጠል ያባብሳሉ፤ በሁለተኛው ጉርሻ ሲራው መረረኝ። የአክሱሚት ጣፋጭነት ግን እሳቱን ያበርዳል፣ በደንብ ከተቁላላው ሽንኩርት ጋርም ይግባባል። 8 ይገባዋል። (ወላጆቻችን ዶሮ ወጥን በጠጅ ያወራርዱ የነበረው በከንቱ አይመስለኝም።)

ለጥብስ ሲራውን መልሱት። የሥጋው ስብ ታኒኑን ያለዝበዋል፣ ሮዝመሪውም ከወይኑ ሽታ ጋር ይሄዳል፤ ያለ ማመንታት 9። ሚጥሚጣውን ብቻ ቆጠብ አድርጉ። ለክትፎም እንዲሁ።

ሽሮ ለማንኛቸውም አይመችም፤ እኔ በውኃ እበላዋለሁ።

አክሱሚትን ከመጠጣታችሁ በፊት ማቀዝቀዣ ውስጥ ግማሽ ሰዓት አቆዩት። ለሲራው 16 እስከ 18 ዲግሪ ይበቃዋል፤ በአዲስ አበባ የክረምት ምሽት ጠረጴዛው ላይ ብትተዉት ይሆናል።