ስድስት የዳንቴ ቤልትፓክ፣ አንድ ዓመት በሐዋሳ

መጀመሪያ የገረመኝ ዝምታው ነው። ሄድሴቱን አጠለቅኩ፣ ቤልትፓኩን (በሥራ ላይ እርስ በርስ የምንነጋገርበትን፣ ሄድሴቱ የሚሰካበትን ትንሽ ሳጥን) ቀበቶዬ ላይ ሰካሁ፣ ድምፁን ጨመርኩ። ምንም የለም። ዓመታት የለመድነው «እዝዝዝ» ስላልመጣ ተበላሽቷል ብዬ ኬብሉን ነቅዬ እንደገና ሰካሁት። ወዲያው ከመድረኩ ማዶ ያለው ካሜራማናችን «ሰላም ነው?» ሲለኝ ጆሮዬ ሥር የቆመ መሰለኝ።

ሥራችን ሠርግ፣ ጉባኤ፣ መንፈሳዊ ፕሮግራም፣ አንዳንዴም የቀጥታ ስርጭት ነው። ድሮ የነበረን አናሎጉ ኢንተርኮም ነው፤ በአንድ የማይክ ኬብል ሁሉም የሚደማመጥበት። እሱን አላማውም። ክሊር ኮም የሚባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1968 ሳን ፍራንሲስኮ ለሮክ ኮንሰርት የጀመረው ዓይነት መሣሪያ ነው፣ እስከ ዛሬም ዓለም ይሠራበታል። ግን ሐይቅ ዳር ባለ የሆቴል ግቢ ሠርግ ስትሠሩ ገመዱን በፈለጋችሁት በኩል አታሳልፉም። ከጀነሬተሩ ኬብልና መብራቱን ከሚያደበዝዘው ዲመር ጎን ለጎን ይሄዳል፣ ያን ሁሉ እዝዝታ ለቅሞ ጆሯችሁ ውስጥ ይጨምረዋል። ስድስት ሰዓት ሙሉ እሱን ስታዳምጡ ውላችሁ ማታ ራሳችሁን ይዛችሁ ነው የምትገቡት። ዎኪቶኪም ሞክረናል። አንዱ ቁልፉን ተጭኖ ሲያወራ ሌላው አፉን መዝጋት አለበት፣ ሙሽሮቹ ሲገቡ ደግሞ እልልታውና ከበሮው ሁሉን ይውጠዋል።

አሁን የያዝነው ስድስት ባለሁለት ቻናል (ባለሁለት የድምፅ መስመር) ቤልትፓክ ነው፣ የስቱዲዮ ቴክኖሎጂስ 372ኤ። ያገለገለ ነው የገዛነው፣ አዲሱ አቅማችንን ያልፋል። ከ2016 ዓ.ም. ሐምሌ ጀምሮ የምንዛሬው ዋጋ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ የውጭ ዕቃ ያዘዘ ሰው ምን ለማለት እንደፈለግኩ ይገባዋል።

የሚሠራው በዳንቴ ነው። ዳንቴን የአውስትራሊያው ኩባንያ ኦዲኔት ነው ያወጣው፣ እ.ኤ.አ. በ2006። ድምፁን ወደ ዲጂታል ቀይሮ በተራ የኔትወርክ ኬብል ይልከዋል። በአንድ ጊጋቢት መስመር እስከ 512 ቻናል ወዲያ፣ 512 ወዲህ ያልፋል። ለእኛ 12 ይበቃናል። ደስ የሚለው ኤሌክትሪኩም በዚያው ኬብል መምጣቱ ነው። ባትሪ የለም፣ ቻርጀር የለም። ካሜራማኑ ጋ አንድ ኬብል ትዘረጋላችሁ፣ አለቀ።

ከመግዛታችሁ በፊት ግን አንድ ነገር እወቁ። እነዚህ ቤልትፓኮች ስድስቱን ሰው በአንድ ላይ አያነጋግሩም፣ ድምፆቹን የሚቀላቅል ሌላ መሣሪያ ይፈልጋሉ። ለዚህ ተብሎ የተሠራ ማሽን አለ፣ እኛ ግን ገንዘብ አልነበረንም። ስለዚህ ያለንን ያማሃ ኪውኤል 1 ሚክሰር ተጠቀምን። እሱ 16 የዳንቴ መግቢያና 16 መውጫ አለው። ስድስት ቤልትፓክ በሁለት ሁለት ቻናል 12 መግቢያ ይይዛል። መውጫው ላይ ለእያንዳንዱ ሰው ለየብቻ ሚክስ ከመሥራት ሁለት ብቻ ሠራን፣ አንዱ ለካሜራ፣ አንዱ ለመድረክ፣ ሁሉም ቤልትፓኮች እነዚያኑ ሁለቱን ይቀበላሉ። የራስን ድምፅ ቤልትፓኩ ውስጥ መልሶ የሚያሰማውን ደግሞ አጠፋነው፣ ምክንያቱም ድምፃችን ዞሮ ከሚክሰሩ ይመጣልናል። መዘግየቱ ከ10 ሚሊሰከንድ በታች ነው። ድምፅ በአየር ላይ ሦስት ሜትር ተኩል ሊሄድ የሚፈጅበትን ያህል እንኳን አይሞላም። በመጀመሪያው ቀን የራስ ድምፅ ትንሽ ጎርነን ይላል፣ በሁለተኛው ቀን ይረሳል።

አሁን ስለ ስዊቹ፣ የኔትወርክ ኬብሎቹ ሁሉ ስለሚሰኩበትና ለቤልትፓኮቹ ኤሌክትሪክ ስለሚልከው ሳጥን። ስዊቹን ከአዲስ አበባ ነው የገዛሁት፣ የሱቁን ስም አልጠራም። «ስዊች ያው ስዊች ነው ወንድሜ፣ ምን ልዩነት አለው» አለኝ ሻጩ። አመንኩት። በአንድ ጉባኤ ልምምድ ላይ ድምፁ ይቆራረጥ ጀመር። ጥቂት ደቂቃ ደህና ይሆናል፣ ከዚያ ጠቅ ጠቅ፣ ከዚያ ዝም። ኬብል ቀየርን፣ ሄድሴት ቀየርን፣ ቤልትፓኮቹን አንድ በአንድ ነቀልን። ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ የለም። የሚያንገበግበኝ ጥፋቱ ከቤልትፓኮቹ አለመሆኑ ነው። ስዊቹ ኃይል ለመቆጠብ ብሎ በኬብሉ የሚያልፈው መረጃ ሲቀንስ ፖርቶቹን፣ ማለትም የኬብል መሰኪያዎቹን ያስተኛል። ዳንቴ ላይ ያሉ መሣሪያዎች በሙሉ ሰዓታቸውን ከአንዱ ጋር እያስተካከሉ ነው የሚሄዱት፣ ያ የሰዓት መልእክት ከዘገየ ድምፁ ይናጋል። ኦዲኔትም ይህ ኃይል ቆጣቢ ነገር መጥፋት አለበት ይላል። የእኔ ስዊች ግን ማጥፊያ አልነበረውም! ሻጩ አልመልስም አለ። በመጨረሻ ሴቲንጉን ገብተው የሚያስተካክሉት ሌላ ስዊች ገዛሁ፣ ኃይል ቆጣቢውን አጠፋሁ፣ የሰዓት መልእክቱ ከሁሉም እንዲቀድም አደረግኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድም ጊዜ አልተቆረጠም። ስለዚህ ስዊች ስትገዙ ሁለት ነገር ጠይቁ። ኃይል ቆጣቢው ይጠፋል ወይ? ሁለተኛ፣ በኬብሉ የሚሰጠው ጠቅላላ ዋት ስንት ነው? አንድ ፖርት እስከ 15.4 ዋት ይሰጣል ተብሎ ስለተጻፈ ባለስምንት ፖርት ስዊች ላይ ስምንቱም በአንዴ ያን ያህል ይሰጣሉ ማለት አይደለም። ዋይፋይንም እርሱት። ዳንቴ በዋይፋይ አይሄድም።

መብራት ሲጠፋ ደግሞ አናሎጉ ይሻል ነበር፣ ይህን መደበቅ አልፈልግም። ጀነሬተሩ እንደተነሳ እሱም አብሮ ይነሳል። ስዊች ግን ጠፍቶ ሲበራ ራሱን እስኪያዘጋጅ ደቂቃ ይፈጃል፣ ሚክሰሩም እንደዚያው። ያ ደቂቃ ሙሽራዋ ከመኪና የምትወርድበት ቢሆንስ? መፍትሔው ዩፒኤስ ነው፣ መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚያቆየው። ስዊቹንና ሚክሰሩን ዩፒኤስ ላይ ካደረጋችሁ ቤልትፓኮቹ ከስዊቹ ስለሚመገቡ ስድስቱም ሰው መብራት ሲጠፋ መነጋገሩን ይቀጥላል። ገንዘባችሁ ለሁሉም ካልበቃ ሁለት ቤልትፓክ ቀንሱና ዩፒኤስ ግዙ።

የቤልትፓኮቹ ጥሩነት የገባኝ በፊቼ ጨምበላላ፣ በሲዳማ ዘመን መለወጫ ነው። እዚሁ ሐዋሳ ጉዱማሌ ላይ ቄጣላው፣ ባህላዊው ጭፈራ፣ ሲደምቅ ምድሩ ይንቀጠቀጣል ማለት ይቻላል። እኔ ስክሪኑ ፊት ነኝ፣ ካሜራማኖቹ ሕዝቡ ውስጥ። በሹክሹክታ ነው የማወራቸው። «ሁለት፣ ቀስ ብለህ ወደ ቀኝ፣ ሽማግሌው ላይ ቁም።» ይቆማል። ሳልጮህ። ከእኛ ጋር ለብዙ ዓመት የሠሩት ጋሼ፣ የድምፅ ባለሙያችን፣ ሲጨርሱ ሄድሴቱን አውልቀው «ዛሬ ጉሮሮዬን ሳያመኝ ወደ ቤቴ ልገባ ነው» አሉኝ።

ያኔ ያስቸገረን ርቀቱ ብቻ ነው። የኔትወርክ ኬብል እስከ 100 ሜትር ነው የሚያስተማምነው፣ ሦስተኛው ካሜራ ደግሞ ከዚያ ይርቅ ነበር፣ ስለዚህ መሃል ላይ ሌላ ስዊች አስቀምጠን ልጅ አቁመን ስናስጠብቅ ዋልን። ለሚቀጥለው ፊቼ ከዚህ ርቆ የሚደርስ 200 ሜትር የፋይበር ኬብል ለመግዛት ከአሁኑ እያጠራቀምን ነው።